እትዬ ረጋ የሰማችው ልብ

የአውቶቡስ ፌርማታው ጣሪያ ከተገነጠለ ቆይቷል። የቀሩት ምሰሶዎቹ ብቻ ናቸው፤ ጥላቸው ለድመት እንኳ አይበቃም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ከተሰለፉት መካከል አንዲት ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሌላው ግንባሯን ከልላለች። ከኋላዋ የነበረች፣ ወደ ሃምሳዎቹ የምትጠጋ፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ ሴት ምንም ሳትናገር ከሰልፉ ወጣ አለችና በፀሐይዋ በኩል ቆመች። ጥላዋ የነፍሰ ጡሯ ፊት ላይ አረፈ። ነፍሰ ጡሯ ማን እንደከለላት ልብ አላለችም፤ እጇን ከግንባሯ አውርዳ እፎይ ብላ ተነፈሰች እንጂ። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ሴትዮዋም ፈቀቅ ትላለች። አውቶቡሱ መጣ፤ ነፍሰ ጡሯ ገባች። ሴትዮዋ ግን ተራዋን የሚመልስላት አጥታ ቀረች።

ይህን ያየችው ይህን ታሪክ የምትጽፈው የሰፈሩ ነዋሪ ናት። እሷም ቦታ አጥታ ቀርታ ነበር።

"ተራሽን አስበላሽ እኮ" አለቻት።

"ተይው እህቴ፤ የምቸኩልበት የለኝም" አለች ሴትዮዋ። ቀጥላም "ወሯ ገብቷል። እግሯን አየሽው? አብጧል። ጨው ቀንሺ የሚላት ሰው ይኖራት ይሆን?" አለች፤ አውቶቡሱ ከሄደበት አቅጣጫ ዓይኗን ሳትነቅል።

በዚህ ተዋወቁ። ከዚያ በኋላ እዚያው ፌርማታ ላይ ደጋግመው ተገናኙ። ሴትዮዋ የሰፈሩ ሰው አይደለችም፤ ግን እየተመላለሰች ትመጣለች፤ መጥታም እንደመጣች ትመለሳለች። ለምን እንደምትመጣ የተናገረችው ቀስ በቀስ ነው፤ ከባድ ጓዝ የተሸከመ ሰው አንዱን ዕቃ ከሌላው እያስከተለ እንደሚያወርደው።

አዋላጅ ነርስ ናት። በምትሠራበት ጤና ጣቢያ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከጥበቃው እስከ ሐኪሙ "እትዬ ረጋ" ነው የሚሏት። ምጥ የያዛት ሴት ስትጮህ "ረጋ በይ የኔ እናት፣ ረጋ በይ" ስለምትል የወጣላት ስም ነው። ባሏ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። "ሰው ሁሉ ረጋ ይልሻል፤ እኔ ቤት ስትገቢ ግን ድስቱ ሁሉ ይንጫጫል" እያለ ይተርባታል።

ልጅ ሳለች ምኞቷ ስልክ ቤት ገብታ መስመር ማገናኘት ነበር። ነርስ ትምህርት ቤት ያስገባቻት አክስቷ ናት። ማዋለጃ ክፍል የገባች ዕለት ራሷን ስታ ወደቀች። "ወላዷ ናት ከአልጋዋ ቀና ብላ 'ኧረ ልጅቱን አንሷት' ብላ የጮኸችው" እያለች ትስቃለች። ከዚያ ወዲህ ግን ያን ክፍል የሚያስለቅቃት አልተገኘም። ዛሬ ገበያ ስትወጣ ጎረምሶች ከመንገድ ማዶ "እማዬ፣ አንቺ ነሽ አሉ ያዋለድሽኝ!" ይሏታል፤ እሷም "ኖረህ ኖረህ ጢም አበቀልክ? ስትወለድ ድመት ነበር የምታህለው" ትላቸዋለች።

በሥራዋ አንድ ነገር አጥብቃ ትይዝ ነበር። የፅንስ ልብ የሚደመጥባት ትንሽ የእንጨት መስሚያ አለች፤ አፏ እንደ ጡሩምባ ሰፋ ያለ። አንዱ ጫፍ የእናት ሆድ ላይ ያርፋል፣ ሌላው የአዋላጇ ጆሮ ላይ። ጆሮ ሲያዳምጥ ግን የአዋላጇ ጣቶች የእናቲቱ እጅ አንጓ ላይ መሆን አለባቸው። ምክንያቱም የደነገጠች ወይም ትኩሳት የያዛት እናት የራሷ ልብ ይሮጣል፤ አንዳንዴም እንደ ፅንስ ልብ ይሮጣል። በጆሮ የሚሰማውና በጣት የሚዳሰሰው አብረው ከመቱ የተሰማው የልጁ ሳይሆን የእናቲቱ ልብ ነው። እትዬ ረጋ ይህን ለአዲስ ገቢዎቹ ሁሉ "ጆሮሽ ይዋሻል፤ ጣትሽ ግን ያጋልጠዋል" እያለች ታስተምር ነበር።

ጤና ጣቢያው አንድ ልማድ አለው። ዓርብ ዓርብ፣ ተረኛው ተረኛውን ሲለውጥ፣ አዋላጆቹ አንሶላ በሚቀመጥበት ክፍል ይሰበሰባሉ። ወንበር የለም፤ የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ይቀመጣሉ። ያስጀመረቻቸው የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ናት። በዚያ ሳምንት የከበዳት አንዷ ትናገራለች፤ ምን ሆነ? ምን ተሰማሽ? ደግሞ ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ? ሌሎቹ ይሰማሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቁበት። የጽዳት ሠራተኛዋ በበሩ ስታልፍ "ዛሬስ ማን ልትናዘዝ ነው ሲስተሮች?" ትላቸው ነበር። እያደር ግን ለመዱት፤ ከዚያም ወደዱት። አንዷ ደም ፈስሷት እጇ ላይ ስላረፈች ወላድ አለቀሰች። ሌላዋ ምጥ ላይ ያለችን ልጅ እንዴት እንደተቆጣች ተናግራ አንገቷን ደፋች። እትዬ ረጋ ያንን ክፍል ትወደው ነበር። "ሐዘናችንን ይዘን ቤት እንዳንገባ የሚያደርገን እሱ ነበር" ትላለች።

እትዬ ረጋን ወደዚህ ሰፈር የሚያመላልሳት የአንዲት ልጅ ነገር ነው። ልጅቱ ጤና ጣቢያው የመጣችው አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር ቀሚሷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጣች። ከእሷ ጋር ታላቅ እህቷ ነበረች። የልጅቱ ሰውነት ይፋጃል፤ ምጧ ገፍቷል። ያን ቀን ማዋለጃው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ በግራም በቀኝም ሴቶች ያቃስታሉ።

"እትዬ፣ እጄን አትልቀቂኝ" አለች ልጅቱ።

"አለሁ የኔ እናት፤ የትም አልሄድ።"

እትዬ ረጋ እጇን ሰጠቻት። ልጅቱ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። እትዬ ረጋ ጎንበስ ብላ መስሚያዋን ሆዷ ላይ ደገነች፤ ጆሮዋን አስጠጋች። አንጓዋን የሚይዙት ጣቶች በልጅቱ መዳፍ ውስጥ ታስረው ነበር። ማስለቀቅ ይቻል ነበር፤ አንዴ "ቆይ እስቲ" ማለት ይበቃ ነበር። ግን አንጀቷን በላቻት። ልጅቱ በዚያ ክፍል ሙሉ አጥብቃ የምትይዘው ያንን እጅ ብቻ ነበር። ልብ ይመታል። ይሮጣል። ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ልቡ ይሰማኛል፤ ደህና ነው ልጅሽ" አለች እትዬ ረጋ።

ልጅቱ በዚያ ምጥ መሐል ፈገግ አለች። "ሰማሽ?" አለቻት ለእህቷ፤ "ደህና ነው አለች።"

ልጁ ሲወለድ ድምፅ አልነበረም። ወንድ ልጅ ነበር። እትብቱ መሐሉ ላይ ቋጠሮ ነበረው፤ በማህፀን ሲገላበጥ ራሱ የቋጠረው፣ ማንም ሊያየው የማይችል ቋጠሮ። ቆዳው መላጥ ጀምሯል። ሐኪሙ ይህን አየና ልጁ እሷ ወደ ጤና ጣቢያው ከመምጣቷ በፊት ማረፉን ለልጅቱ ነገራት፤ በለሰለሰ ድምፅ ነው የነገራት፤ ደግ ሰው ነው። ልጅቱ ግን ወደ ሐኪሙ አልዞረችም። የምታየው እትዬ ረጋን ነበር።

"ሰምተሽው ነበር እኮ እትዬ።"

እትዬ ረጋ ያልያዘችው አንጓ ትዝ አላት። የሰማችው የማን ልብ እንደነበረ በዚያች ቅጽበት ገብቷታል።

"ግፊ ስትዪኝ ጉልበት አጣሁ" አለች ልጅቱ። "ትንሽ አረፍኩ። ያኔ ነው አይደል? ያረፍኩ ጊዜ ነው አይደል?"

"ረጋ በይ የኔ እናት" አለች እትዬ ረጋ። ፀጉሯን ደባበሰችላት፤ ወዲያው ከጎን ያለችው ሴት ጮኸች፤ ወደሷ ሄደች። ስትመለስ ልጅቱን እህቷ ደግፋ ወደ ሌላ ክፍል ወስዳታለች።

ዓርብ ደረሰ። እትዬ ረጋ ዕድሏን ለሌላ አልሰጠችም፤ ራሷ ልናገር አለች። ክምሩ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ምን እንደሆነ አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። የእናትን ልብ የልጅ ልብ ብዬ ሰማሁ አለች። ያሳሳተኝ እጄን መስጠቴ ነው፤ ደግሞ ቢመጣ በአንድ እጄ እጇን እይዛለሁ፣ ባልደረባዬን ጠርቼ አንጓዋን አስይዛለሁ አለች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ሜትሮኗ "እግዚአብሔር ያበርታሽ፤ ሁላችንም ተምረንበታል" አለች። እትዬ ረጋም ትከሻዋ ቀለል ያለ መሰላት።

ከወደ ጥግ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራት አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ ማንንም ስለማትምር "ጄነራሏ" ይሏታል።

"ጨረስሽ?" አለች ጄነራሏ።

"ጨረስኩ።"

"ግሩም ተናገርሽ። ተማሪ ብሆን አጨበጭብልሽ ነበር።"

"ነገርሽን አውጪው እስቲ" አለች እትዬ ረጋ።

"ነገሬማ አጭር ነው። እኛ ተማርንበት፤ ከዛሬ ጀምሮ ጣታችን ካንጓ አይነሳም። እናትየዋስ? እሷ ምን አወቀች?"

"ሐኪሙ ነግሯታል" አለች ሜትሮኗ።

"ሐኪሙን ማን ሰማው! ልጅቱ የሰማችው ይቺን ነው። ሲስተሯ ልቡን ሰማች፣ እኔ አረፍኩ፣ ልጄ ሞተ። እንዲህ ብላ ነው ቤቷ የገባችው። እኛ ደግሞ እዚህ አንሶላ ላይ ቁጭ ብለን ቀለለን እንላለን።"

"አሁን ሄዶ ቁስሏን መነካካት ምን ይጠቅማል?" አለች ሜትሮኗ። "ትንሽ ይደርቅላት እንጂ።"

"ውስጡ የመረቀዘ ቁስል በላዩ ቢደርቅ ምን ዋጋ አለው? ይሄን ደግሞ ከኔ ትማሪ!" አለች ጄነራሏ።

እትዬ ረጋ ለጸሐፊዋ እንደነገረቻት ከሆነ ያን ጊዜ ያየችው የክፍሉን በር ነው። ተዘግቶ ነበር። ሁልጊዜም ይዘጋ ነበር፤ ያለዚያ ማንም ደፍሮ አይናገርም። ያን ቀን ግን ስለ እነማን እንደሚነጋገሩና እነዚያ ሴቶች ከበሩ በየትኛው ወገን እንዳሉ አሰበች። ቀለል ያለው ትከሻዋ ተመልሶ ከበዳት።

ቤቷ ገብታ እራት ቀርቦ አልነካችም።

"ምግቡ ጠላትሽ ነው እንዴ?" አላት ባሏ።

"እሄዳለሁ" አለችው።

"የት?"

"ልጅቱ ጋ።"

ነገሩን ያውቀዋል። ሳህኑን ገፋ አደረገ። "ሄደሽ ምን ልትያት?"

"የሰማሁት ያንቺን ልብ ነው ልላት። አንቺ አልገደልሽውም ልላት።"

"ብታባርርሽስ?"

"ታባርረኛ።"

"እኔ ቦቴውን የሰው አጥር ላይ አሳርፌ ለባለቤቱ ለመንገር ስንት ቀን በዚያ መንገድ ሳላልፍ እንደዋልኩ ታውቂያለሽ" አለ ባሏ። ከዚያ "ላድርስሽ?" አላት።

"በውሃ ቦቴ?"

"ምን አለበት? ቢያንስ ውሃ መጣ ብለው በሩን ይከፍቱልሻል።"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ልቅሶ ሄደባት። ባሏ ተነስቶ ከጎኗ ተቀመጠ።

በበነጋው በአውቶቡስ ወደዚህ ሰፈር መጣች። የልጅቱ ቤት ከፌርማታው ብዙም አይርቅም፣ ከዚያ ይታያል፤ ቀለሙ የተላጠ የቆርቆሮ በር፣ ከጎኑ "ልብስ እንሰፋለን" የሚል ጽሑፍ። ዓይኗን በጨው አጥባ አንኳኳች። የከፈተችው ታላቅ እህቷ ናት፤ "ተኝታለች" አለቻት። በሌላ ቀን መጣች፤ "ወጥታለች" ተባለች፤ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ግን ከውስጥ ይሰማ ነበር። ልጅቱ የምትገፋው ፔዳል ነው፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል። እትዬ ረጋ አመስግና ተመለሰች። እንዲህ እየተመላለሰች ወራት አለፉ፤ አንድ ቀን ስትመጣ እህትየዋ ወደ ውጭ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

"ሲስተር፣ በክፉ አትይብኝ" አለቻት። "አንቺን ካየች ያ ቀን ነው የሚመጣባት። ገና አሁን ነው እህል በወጉ የቀመሰችው።"

"ትቀየመኛለች፤ ልክ ናት" አለች እትዬ ረጋ።

"ትቀየመኛለች ነው ያልሽው? ኧረ አንቺን አንድም ቀን በክፉ አላነሳችሽም! 'እጄን ያልለቀቀችኝ' እያለች ነው የምትጠራሽ። የምትጠላውስ ራሷን ነው። ትንሽ ብበረታ ኖሮ ይተርፍ ነበር ትላለች። ሌሊት ሆዷን ስትመታ አግኝቻታለሁ።"

እትዬ ረጋ የበሩን ጠርዝ ያዘች።

እህትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አሁን ደግሞ ፀንሳለች። ለማንም እንዳትነግሪ። እኔ በደስታ ልበር ነው፤ እሷ ግን ይሄንንም እገድለዋለሁ ብላ ታለቅሳለች። ተመርመሪ ስላት 'ሐኪም ቤት ሄጄ ምን አደርጋለሁ፣ እነሱ ልቡን ሰምተውልኝ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ' ትለኛለች። ቤቴ እወልዳለሁ፣ ቢሆንም ባይሆንም ብላለች።"

"እስቲ ስሚኝ፤ እኔ የመጣሁት..." ብላ ጀመረች እትዬ ረጋ።

የስፌት መኪናው ቆመ። "ማነው?" አለ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ።

"ማንም አይደለም!" አለች እህትየዋ፤ በዓይኗ ይቅርታ ጠይቃ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ይህ ሁሉ ሲነገር የነበረው በዚያች ጣሪያ በሌላት ፌርማታ ነው፤ አንዱ አውቶቡስ ሲሞላ ሌላውን እየጠበቁ። ጸሐፊዋ ልጅቱን ታውቃታለች፤ ጎረቤቷ ናት፤ ጸሐፊዋ የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋችላት ልጅቱ ናት። ልጅቱ ልክ ስትወስድ ሰው ዓይን እንደማታይ አስተውላ ነበር፤ ሐዘን ነው ብላ አልፋው ነበር እንጂ ሐዘኑ ምን እንደተሸከመ አልገመተችም። ፈጣሪ ሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ገረማት።

"ለእህቷ ለምን አትነግሪያትም?" አለቻት ኋላ ላይ።

"አሰብኩት። ግን እህቷ ብትነግራት ልታጽናናኝ ነው ትላለች። ሐኪሙንም እንደዚያ ብላ ነው ያላመነችው። ልጅሽ ደህና ነው ያልኳት እኔ ነኝ። የምታምነው እኔን ነው፤ ያ ነው የጎዳት። ያንን ቃል ከልቧ ላይ የሚያነሳላት ያስቀመጠው አፍ ብቻ ነው።"

"ስትነግሪያት የምትጠላሽ ከሆነስ?"

"ምነው በጠላችኝ!" አለች እትዬ ረጋ። "እሷ የምትጠላው ሰው ያስፈልጋታል እህቴ። ራሷን ከምትጠላ እኔን ትጥላ። እኔ እድሜዬ ገፍቷል፤ እችለዋለሁ። ያች ልጅ ግን ሆዷ ውስጥ ሰው አለ።"

ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። በዚያ መሐል "አንዳንዴ 'ምነው ያን ቀን ባልራራላትና እጄን ባልሰጠኋት ኖሮ' እላለሁ። ደግሞ እንደገና 'እጄን አትልቀቂኝ' ብትለኝ አልለቅም። ይሄን ዓርብ ዓርብ መናገር አልቻልኩም። መልስ የለውምና" አለች።

ከሩቅ አውቶቡስ ታየ። ሰዎቹ መሰለፍ ጀመሩ። እትዬ ረጋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ።"

"ምን?"

"አንቺ በሩን ስታንኳኪ ይከፈትልሻል። ጨርቅሽን ይዘሽ ግቢ። እንድትነግሪያት አይደለም፤ እሱ የኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ያቺ ሴት የምትነግርሽ ነገር አላት፣ ስለ አንቺ ሳይሆን ስለ ራሷ፣ በርሽ ላይ ቆማ ተናግራ ትሂድ ወይ በያት። እንድገባ አይደለም፤ በሩ ላይ።"

"እምቢ ካለችስ?"

እትዬ ረጋ ወደተላጠው የቆርቆሮ በር አየች። አውቶቡሱ ደርሶ በሩ ተከፈተ፤ ሰው ይጋፋል።

"እምቢ ካለች አታስጨንቂያት" አለች። "ግን ያኔም ቢሆን አትተያት። ሌላ ጤና ጣቢያ ውሰጂያት፤ እኔ የሌለሁበት። ከጎኗ ቁጭ በይ። የምታዳምጣትን አዋላጅ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ 'ጣትሽ አንጓዋ ላይ ነው?' በያት። እሺ በይኝ እህቴ። እሺ በይኝና ልሂድ።"